ቀድሞ የገባ ስለት

የዶክተር አባት ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል ትላላችሁ? ጎንደር አጠገብ ፀዳ ለሚኖረው ጎረቤቴ ለአያ ታደሰ አንድ እሑድ በቃው። ልጁ ሰናይት ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረውን ልትመርጥ ስትዘጋጅ፣ «ሕክምና ከደረሳት» ብሎ የተሳለውን ባለ ወርቅ ዘርፍ ዣንጥላ ገና ሳይደርሳት ለቤተ ክርስቲያን አስገባ። ስለት ሲሰምር ይገባል እንጂ ቀብድ አለው እንዴ? ግን ማን ይጠይቃል! ሰፈሩ እልል አለ።

ሰናይት እኮ ዶሮ ሲታረድ ከግቢ የምትሸሽ ልጅ ናት። የምትፈልገው ሕግ መማር ነው።

«አባዬ፣ እኔ ደም ሳይ እወድቃለሁ» አለችው በፊቴ።

«ምነው ልጄ፣ ከታቦት ጋር ልታጣዪኝ ነው? ዣንጥላው እኮ ገብቷል!»

«እኔ አልተሳልኩም።»

«ዝም በይ፣ ዶክተር!»

ዶክተሯም ሕክምናን አንደኛ ምርጫዋ አድርጋ ሞላች፤ ውጤቷ ሸጋ ነበርና ደረሳት።

ባለፈው ንግሥ ታቦቱ ሲወጣ ዣንጥላው ከላይ ያብረቀርቃል፤ ሰናይት ከሕዝቡ መሀል ቆማ ትንሰቀሰቃለች። አያ ታደሰ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና፣

«አየህልኝ?» አለ፤ «ስለቷ ሰምሮላት በደስታ ስታለቅስ!»