ሻኛ ያለው መኪና

መኪና ሲገዙ ወንዶችን እንደማማከር ያለ ሞኝነት የለም። ይህን የምለው ወንድ ሆኜ ነው። ያማከርኳቸውም ወንዶች ናቸው፤ ምክራቸው ይኸው ጋራዥ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተሰቅሎ ቆሟል። እናንተ ግን ብነግራችሁም አትሰሙም። ነገ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ያንን ኮፈን ከፍቶ «እም…» የሚለውን ጎረቤታችሁን ይዛችሁ መሄዳችሁ አይቀርም።

ነገሩ የተጀመረው በባለቤቴ እናት ነው። ባለቤቴ ማርታ ነርስ ናት፤ የከምባታ ልጅ። እናቷ እማማ አየለች ከአዲሎ ከተማ አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ ይኖራሉ። ጉልበታቸውን ክፉኛ ያማቸዋል። ሆሳዕና ላይ ቤት ሠርተን ከገባን ጀምሮ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም፤ ባጃጁ ያንገጫግጫቸዋል፣ ሚኒባሱ ውስጥ ደግሞ እግር መዘርጋት ዘበት ነው። ማርታ እናቷ ገብተው መጋረጃውን ካላዩላት ቤት ያላት አይመስላትም። እንደምንም ተፍጨርጭረን መኪና የምንገዛበት ቀን ሲደርስ ትእዛዟ አጭር ነበር።

«እናቴ ሳትጎነበስ ገብታ ሳትጎተት የምትወጣበት ይሁን። ለመስቀል እዚህ ናት። ሌላው ያንተ ጉዳይ ነው።»

ሌላው ያንተ ጉዳይ ነው… እንዲህ ያለ ቃል ለባል ይሰጣል? እስቲ ፍረዱኝ።

ደላላው ሁለት መኪና አሳየኝ። የአንድ እናት ልጆች በሏቸው፤ ፋብሪካቸው አንድ፣ ዓመታቸው አንድ፣ ሁለቱም ናፍጣ፣ ሁለቱም አመድማ፣ ሁለቱም ኋላቸው ቁርጥ ያለ ትንንሽ የቤት መኪና። አንደኛው ተራው ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ስለነበሩ ወንበሩን ዳንቴል አልብሰውታል። ሁለተኛው ግን «ስፖርት» ነው። መሬት ላይ ልጥፍ ብሏል። መስታወቱ ጠቁሯል፣ ወንበሩ በቀይ ክር ተሰፍቷል፣ ጣሪያው ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የወጣ ክንፍ ተተክሎለታል።

«ሞተሩ ይለያል?» ስል ደላላውን ጠየቅሁት።

«ሞተር ያው ሞተር ነው፣ መምህር። ይሄ ግን ስፖርት ነው።»

«ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ስፖርት ነው እያልኩህ!»

ከዚህ በላይ ማብራሪያ ከደላላ አይጠበቅም።

አሁን ማኅበራችንን ላስተዋውቃችሁ። በእኛ ሰፈር የመስቀል በሬ አንድ ሰው ብቻውን አይገዛም። ዓመቱን ሙሉ እናዋጣለን፤ በዓሉ ሲቃረብ ሽማግሌዎቹ ገበያ ወጥተው ሰንጋ ይመርጣሉ፤ ከዚያ አርደን እንካፈላለን። የማኅበሩ መሪ ጋሽ ኤርሲዶ የሆመቾ ሰው ናቸው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ እህል ይነግዳሉ። በሬ ሲመርጡ አፋቸውን አይከፍቱም። ዝም ብለው ይዞሩታል፣ ጀርባውን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል፣ ከዚያ «ይሄ ነው» ካሉ አለቀ። እስከ ዛሬ ያሳፈረን በሬ የለም። በደንባችን መሠረት ሻኛው የእሳቸው ነው፤ ለመረጡበት።

እኔ ደግሞ አባቴ ከሰሜን ለማስተማር መጥቶ እዚሁ የወለደኝ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ በሬም ስለ መኪናም ያለኝ እውቀት እኩል ነው፤ ሁለቱንም ከርቀት አውቃቸዋለሁ። እናም አሰብኩ፦ በሬ የመረጠ ሽማግሌ መኪና መምረጥ ያቅተዋል? ማኅበሩን ጠራሁ። ሙሉ ማኅበሩን! መኪናዎቹ ወደቆሙበት ሜዳ ሰልፍ ሠርተን ስንሄድ ያየን ሰው ለቅሶ የምንደርስ መስሎት ተከተለን።

ጋሽ ኤርሲዶ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተራውን መኪና ዞሩት። ቆዳውን… ማለቴ ቀለሙን ዳሰስ አደረጉት። ምንም አላሉም። ወደ ስፖርቱ ሄዱ። ዞሩት። ጎንበስ ብለው ሆዱን አዩት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ክንፉ ላይ አረፈ፤ እዚያው ቀረ።

«ሻኛውን እዩልኝ» አሉ።

ማኅበሩ በሙሉ ሻኛውን አየ። እውነትም ሻኛ! ተራው መኪና ጀርባው ልሙጥ ነው፤ ይሄ ግን እላዩ ላይ ጉብ ብሎለታል።

«ጀርባውም ሰፊ ነው» አለ አንዱ።

«ድምፁን አሰማን እስቲ» አለ ሌላው። ደላላው ቁልፉን አዞረው፤ መኪናው አገሳ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በሬ ቢሆን ኖሮ እዚያው ገመድ ይገባለት ነበር።

እኔ ቀስ ብዬ፣ «ጋሼ፣ የባለቤቴ እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ይሄ ትንሽ ዝቅ አላለም?» አልኩ።

ጋሽ ኤርሲዶ በሐዘኔታ ተመለከቱኝ። «መምህር፣ አማት መጥታ ትሄዳለች። መኪናው ግን ደጅህ ላይ ይቆማል፤ ሰው ያየዋል። ያንን ሻኛ የሌለውን ደጅህ ላይ አቁመህ ምን ልትባል ነው?»

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔም ክንፉን ካየሁ ጀምሮ ልቤ ተሰርቆ ነበር፤ የጎደለኝ የሚገፋኝ ሰው ብቻ ነው። ወንዶች ምክር የምንጠይቀው ለዚህ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ። ዋጋው ከተራው ከፍ ቢልም ገዛሁት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄኔ ነው።

ማርታ ግቢ ወጥታ አየችው። በሩን ከፍታ ልትቀመጥ ስትል ወንበሩ ካሰበችው ቦታ ስላልነበረ ቁልቁል ወረደች።

«እናቴን ከዚህ የምናወጣት በምንድን ነው? በገመድ?»

«ይለመዳል፣ ማርትዬ። ስፖርት ነው።»

«እሺ» አለች።

የማርታን «እሺ» የማታውቁ ዕድለኞች ናችሁ። ተቃውሞ ቢሆን ይመለስ ነበር፤ «እሺ» ግን ተቀምጦ ይጠብቅሃል።

ከዚያ የስፖርት ኑሮ ተጀመረ። በሆሳዕና ኮብልስቶን ላይ እያንዳንዷን ድንጋይ በመቀመጫዬ ለይቼ አወቅኋት። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ስደርስ መኪናውን አግድም አዙሬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ እንደ ኤሊ አልፋለሁ፤ ኋላዬ ያሉት ባጃጆች ጡሩምባቸውን እንደ ሰርግ ያቀልጡታል። «ስፖርት» የሚል ቁልፍ አለው። አንድ የገበያ ቀን ተጫንኩት። መኪናው አጓራ፣ መሪው ጠጠር አለ፣ እኔም ወደ ፊት አጎነበስኩ… ድንች የጫነ ጋሪ በግራዬ ቀድሞኝ ሄደ። ባለጋሪው ዞር ብሎም አላየኝ። ጎሚስታ ጋ ስሄድ ደግሞ ሰውየው ስስ ላስቲኩን በጣቱ እየለካ፣ «ይሄ ጎማ ነው ወይስ የጎማ ፎቶ?» አለኝ። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ደጄ ላይ ሲቆም ሰው ያየው ነበራ!

መስቀል ደረሰ። ከማርታ ጋር እማማን ልናመጣ ወደ አዲሎ ወረድን። አስፋልቱ ላይ እስካለን ድረስ ጥሩ ነበር፤ እንዲያውም አፏጭቻለሁ። ወደ ቀበሌያቸው የሚገባው የአፈር መንገድ ግን ክረምት የወጣበት መንገድ ነው። ግራና ቀኙን የጭነት መኪና ጎማ ቆፍሮታል፤ መሀሉ ሣር አብቅሎ ጉብ ብሏል። እኔ በዚያው ሳምንት ለተማሪዎቼ ስለ መሬት አቀማመጥ ሳስተምር የሰነበትኩ ሰው በልበ ሙሉነት ገባሁበት።

ከሥር «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማን። መኪናው ጉብታው ላይ በሆዱ ተኛ። ነዳጅ ሰጠሁት፤ ጎማዎቹ ባዶውን ይሽከረከራሉ። ወርጄ ሳይ ከሆዱ ጥቁር ዘይት ሣሩ ላይ ይንጠባጠባል።

ማርታ ስልኳን አውጥታ ራቅ ብላ አወራችና ተመለሰች።

«ማንን ነው የጠራሽው?»

«መኪና ያለው ሰው።»

ይህች ቃል ከዘይቱ በላይ አመመችኝ።

ከሰዓት በላይ ቆመን ከጠበቅን በኋላ፣ ወሬው መንደሩ ደርሶ ኖሮ፣ እማማ አየለች በዚያ ጉልበታቸው፣ ከዘራ ተደግፈው፣ ሴቶች አጅበዋቸው ብቅ አሉ። ልንወስዳቸው የመጣነውን ሴትዮ በእግራቸው አስመጣናቸው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ መኪናውን ግን መሬትም አልፈለገችውም። እማማ እኔን ሳሙኝ፣ ልጃቸውን ሳሙ፣ ከዚያ መኪናውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ልጄ፣ ቁጭ ያለው ደክሞት ነው?»

«አይ እማማ… አሠራሩ ነው።»

«ይሁን። የልጄ መኪና ነው፤ ገብቼ ልየው።»

«እማማ፣ ይቅርብዎት…»

ማን ይስማኝ? ገቡ። ወንበሩ ዋጣቸው። በመስኮቱ የሚታየኝ ሻሻቸው ብቻ ሆነ። ውስጥ ሆነው መረቁኝ፤ «ያሳድግህ፣ ያክብርህ» አሉ። ከዚያ ልውጣ አሉ። ወዴት! አንዲት ሴት ክንዳቸውን ያዘች፣ ሌላዋ ወገባቸውን፣ ማርታ እግራቸውን። እኔ በሩን ያዝኩ፤ ከዚያ የተሻለ ሥራ አልተሰጠኝም። እማማ ባይተነፍሱም ጉልበታቸው ሲያማቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ማርታም አየችው። በዚያች ቅጽበት ክንፉን ነቅዬ ብበላው ደስ ባለኝ።

ይሄኔ ከኋላችን አንድ አመድማ መኪና ጉብታውን እየረገጠ፣ ምንም ሳይነካው፣ ዘና ብሎ መጣ። ወንበሩ ዳንቴል ለብሷል። ተራው! ያ ሻኛ የሌለው! በሩ ተከፈተና ማን ወረደ? ጋሽ ኤርሲዶ።

«ጋሼ! ይሄ መኪና…»

«እኔ ነኝ የገዛሁት። ያንተን ባየን ማግስት» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። አፌን የዘጋው ግን ማርታ ይህን ማወቋ ነው።

«ሻኛ የለውም ብለው አልነበር?»

የመንደሩ ሰዎች መኪናዬን የሚጎትቱ ጥንድ የእርሻ በሬዎች ይዘው መጥተው ነበር። ጋሽ ኤርሲዶ በሬዎቹን በዓይናቸው እየመዘኑ አጠገቤ ቆሙ። ሻኛቸው እዚህ ግባ የማይባል፣ እግራቸው ወፍራም፣ አረማመዳቸው የማይቸኩል በሬዎች ናቸው። ቀንበር የለመደ ትከሻቸውን አንዴ ጠንከር ሲያደርጉት ስፖርቱ ከጉብታው ላይ ተንሸራትቶ ወረደ።

«አየህ መምህር» አሉኝ ጋሽ ኤርሲዶ፤ «የሚያርስ በሬ ስንገዛ ሻኛ አናይም። እግር ነው የምናየው። ሻኛ የምናየው የሚታረደውን ስንመርጥ ነው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«የጠራኸው የመስቀል ማኅበሩን ነዋ! እኛ የተሰበሰብነው ለሚታረድ ነው።»

እማማ አየለች ተራው መኪና ውስጥ ሳይጎነበሱ ገቡ፤ ጉልበታቸውን ዘረጉ። ማርታ ከኋላ ሆና የእናቷን ሻሽ ስታስተካክል እንዲህ ደስ ብሏት ካየኋት ቆይቼ ነበር፤ ደስታው ደግሞ በሌላ ሰው መኪና ውስጥ ነው። ሊንቀሳቀሱ ሲሉ እማማ በመስኮት እጄን ያዙኝ።

«አይዞህ ልጄ። ስመለስ ባንተ መኪና ነው የምመለሰው። የልጄ ባል መኪና እያለው በሰው መኪና ደጋግሜ አልሄድም። ነውር ነው።»

እኔ ከስፖርቱ ጋር አይሱዙ ላይ ተጭነን ሆሳዕና ገባን። የሰፈራችን ሰው አይሱዙ ሲያይ የመስቀል በሬው የመጣ መስሎት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከላይ ያለውን ሲያዩ ግን አንዱ፣ «በቁሙ ነው የመጣው?» ብሎ ጠየቀ።

በዓሉ አልፎ ጋሽ ኤርሲዶ ጋራዡ ድረስ መጡ። ስፖርቱን ዝም ብለው ዞሩት። ጀርባውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«መምህር፣ መቼም ይሄ ከእንግዲህ የሚሮጥ አይደለም። ሻኛውን ለእኔ አድርግልኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«እኔ ነኝ የመረጥኩት። ደንብ ነው።»

ደንብ ነው። ተነቅሎ ተሰጣቸው። ዛሬ ያ ክንፍ ተራው መኪና ላይ ተገጥሞ ከተማውን ይዞራል፤ ሰውም ያየዋል።

እማማ አየለች ግን በቃላቸው ጸኑ። በልጃቸው ባል መኪና ካልሆነ አልመለስም ብለው ይኸው ሳሎን ውስጥ፣ መጋረጃው ሥር፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። መካኒኩ የሚገጠመው ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቁ ይላል። እኔ መኪናውን በየቀኑ ሄጄ አየዋለሁ፤ ማርታ ግን አንድ ቀንም ጠይቃኝ አታውቅም። ትናንት ማዕድ ቤት ውስጥ በስልክ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታወራ ሰማኋት። ለካ ከመካኒኩ ጋር ኖሯል።

«አይ፣ ምንም አትቸኩል» ትለዋለች። «መኪናው ስፖርት ነው፤ ረጋ ብለህ ሥራው።»