ፋውስቶ ከሜዳ ስላለመውጣቱ የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

የሎማ ቪዬሃና የቦካ ሴካ መንደሮች የቤዝቦል ኮሚቴ እሁድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የዋንጫው ጨዋታ እንዳለቀ፣ እዚያው ሜዳው ላይ ቆሞ ተሰብስቧል።

የተገኙ፦ ሊቀመንበር ዶኛ (ወይዘሮ) ኦዲሊያ (ከሎማ ቪዬሃ)፣ ዳኛው ዶን ክሬሴንሲዮ፣ የተሸናፊው የቦካ ሴካ አሠልጣኝ ዶን ኤሊጂዮ እና ጸሐፊው። ሯጭ ሲዞር ሊረግጣቸው ከሚገቡት ቤዞች በሁለተኛዋ አጠገብ በጀርባው የተኛው የቦካ ሴካ ተጫዋች ፋውስቶ ድምፅ የመስጠት መብት ሳይኖረው ተገኝቷል። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የስብሰባው ምክንያት፦ የሎማ ቪዬሃው አንጋፋ ተጫዋች ሊዮንሲዮ በዕድሜው የመጀመሪያ የሆነውን ሆም ራን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ የሚገባበትን ረጅም ምት) መትቶ ቡድኑን አሸናፊ አድርጓል። ሲዞር ግን ሦስተኛዋን ቤዝ አልረገጠም የሚል ወሬ ዶን ኤሊጂዮ ጆሮ የገባው ከፋውስቶ በቀር ልጆቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ከወጡ በኋላ ነው። በደንቡ ዳኛ ያየውን ሳይጠየቅ አይናገርም። ተሸናፊዎቹም ይግባኝ የሚሉት ኳስ ይዘው የተዘለለችው ቤዝ ላይ በመቆም፣ ከተጫዋቾቻቸው አንድ እንኳ ሜዳ ላይ እያለ ነው፤ ከተሳካላቸው ሆም ራኑ ይሰረዛል።

አጀንዳ 1፦ ቦካ ሴካ ከሜዳ ወጥቷል ወይ?

ሊቀመንበሯ ወጥቷል አሉ። ዶን ኤሊጂዮ፣ "እዚህ የተዘረጋው ታዲያ ምንድን ነው፣ ምንጣፍ ነው?" ሲሉ ጠየቁ። ፋውስቶ ታሞ እንደሆነ ተጠይቆ፣ "ደህና ነኝ ዶኛ፣ ከፍቶኝ ነው" ሲል መለሰ። ሊቀመንበሯ ልቡ ከወጣ ቆይቷልና እንደወጣ ይቆጠር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዳኛው ደንቡ ስለ ልብ የሚለው ነገር እንደሌለ አስረዱ። ከረጅም ውይይት በኋላ አልወጣም ተብሎ ተወሰነ። ፋውስቶን በተጠበሰ ፕላንቴን ሙዝ አባብሎ ማስወጣትም ተከለከለ። ፕላንቴኑ እሱ ወዳለበት እንዲመጣለት ያቀረበው ጥያቄ ግን ተቀባይነት አግኝቷል።

አጀንዳ 2፦ ዳኛው ምን አዩ?

ሊቀመንበሯ፣ "ክሬሴንሲዮ፣ ጎረቤትህ አይደለሁም? ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ንገረኝ" አሉ። ዳኛው፣ "ሚስቴም ብትሆን ኳስ ይዛ ቤዟ ላይ ካልቆመች አልነግራትም" በማለታቸው ነገሩ እንዲቆይ ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ኳስ

ሌሎቹ ኳሶች ሸንኮራ አገዳው ውስጥ ስለጠፉ የቀረችው ያቺው ሊዮንሲዮ የመታት ናት። ደረቱ ላይ አቅፏታል። እንዲያስረክብ ተወሰነ።

ሊዮንሲዮ መጥቶ ኳሷን ለዶን ኤሊጂዮ ሰጠና፣ "ያዝ ወንድሜ። ሦስተኛዋን አልረገጥኳትም። ኳሷ ስትበር ላያት ፈልጌ ሽቅብ እያየሁ ነው የሮጥኩት" አለ። ዳኛው ወዲያው ሁለት ጆሮአቸውን በጣታቸው ደፈኑ።

ዶን ኤሊጂዮ ወደ ሦስተኛዋ ቤዝ መሮጥ ሲጀምሩ ፋውስቶ ብድግ አለ። "ተኛ! ተኛ አልኩህ!" ብለው አሠልጣኙ ቢጮሁበትም፣ ሱሪውን አራግፎ ለሊዮንሲዮ፣ "እኔም ስትበር አይቻታለሁ፤ ታምር ነበር" አለውና መስመሩን ተሻግሮ ወጣ። ይግባኙ በዚያው ሞተ።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው በሙሉ እንዳልተወሰነ ተቆጥሮ ተሽሯል። ዶን ኤሊጂዮ ተቃውመዋል።

ስብሰባው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተበተነ። ከዚያ ወዲያ የሆነው በዚህ ሊጻፍ አይገባውም፤ ሆኖም ሊዮንሲዮ ሜዳው ባዶ መሆኑን ግራ ቀኝ አይቶ፣ ሄዶ ሦስተኛዋ ቤዝ ላይ በሁለት እግሩ ቆመ።