የእሜቴ አረጋሽ ከረጢት

ሱቅ ባለበት አገር ሁሉ የራሷን ከረጢት ይዛ የምትመጣ አንዲት ሴት አትታጣም። ሱቁ ቢዛወር ትከተለዋለች፤ ባለሱቁ ቢሞት ለልጁ ትተርፋለች። ለናዝሬት ባቡር ጣቢያ ሰፈር የተመደቡት ክብርት እሜቴ አረጋሽ ነበሩ፤ የተመደቡበትም ሰው ባለሱቁ ደሊል ነው።

ከረጢቷ የአቡጀዲ ናት። ከመጣፏ ብዛት የመጀመሪያው ጨርቅ የት እንደገባ እንጃ። ደሊል ጨውና ስኳር የሚጠቀልለው ባቡር በሚያመጣው አሮጌ የፈረንጅ ጋዜጣ ነው። እሜቴ ደግሞ ማንበብ ስለማይችሉ ፊደል ያለበትን ወረቀት ሁሉ ይፈራሉ። የአምላክ ስም ተጽፎበት ቢሆንስ? ዶሮ ቢረግጠውስ?

ደሊል ስንቴ አስረዳቸው! እሱም የእስላም ልጅ ነውና የአላህ ስም ያለበትን ወረቀት አይጥልም፤ ይኼኛው ግን የሳሙና ወሬ ነው።

"እግዜር ፈረንጅኛ አይችልም ያለህ ማነው?" ይሉታል።

ከዚያ የሚዛኑ ሥርዓት ይጀመራል። መጀመሪያ ከረጢቷ ባዶዋን ትመዘናለች፤ ቀጥሎ ጨው ይገባባታል። እሜቴ ጎንበስ ብለው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ደሊልንም ያስይዙታል፤ የነጋዴ ትንፋሽ ሚዛን ያጋድላል ባይ ናቸው። ከደራ ከብት ነድቶ የሚመጣው መርጋ ተራ መጠበቅ ሲታክተው "አካም ቡልቴ" ብሎ ሰላም የሚለው ሴትዮዋን ትቶ ከረጢቷን ነው። ደሊልም ማታ ለሚስቱ ለቀመሪያ፣ እኚህ ሴትዮ ቢሞቱ እንኳ ከረጢታቸው ብቻዋን መጥታ ትገዛለች እያለ ያማርራል።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ የወባ ንዳድ ገባ። ከአዋሽ ዳር ጀምሮ ቤት ለቤት ዞረ። ደሊል ለከፈን አቡጀዲ ሲለካና ሲቀድ ክንዱ ዛለ። አንድ ረፋድ እሜቴ አረጋሽ ባዶ እጃቸውን መጡ። ደሊል እጃቸውን አይቶ ደነገጠ።

"ከረጢቷስ፣ እሜቴ?"

"በውሃ ነክሬ ሸዋወርቅ ግንባር ላይ አድርጌያታለሁ።"

ሸዋወርቅ አንድያ ልጃቸው ናት። ደሊል፣ ቀመሪያን ካተኮሳት ብሎ ከደበቀው ኪኒን ስድስት ፍሬ አወጣና በጋዜጣ ጠቀለለው። እሜቴ ፊደሉን ሳያዩ ነጥቀው ወጡ። በስንት ዓመት ክርክር አንድ ቀን ወረቀት ተቀበሉት፤ ደሊል ግን በማሸነፉ ምንም ደስ አላለውም።

ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ከበሩ አልተነቀለም። መርጋ መጥቶ ስለ ከረጢቷ ሊቀልድ ሲጀምር ጨዉን ሰጥቶ ዝም አሰኘው። ምነው ያቺ ቡትቶ ብቅ ባለች እያለ ይመኝ ጀመር።

በዘጠነኛው ቀን ከረጢቷ መጣች። እሜቴ ፀጉራቸውን ተላጭተው ከል ለብሰዋል። እጃቸውን ከተው ወረቀቱን አወጡ፤ በአራት ተጣጥፏል። ውስጡ አራት ፍሬ ኪኒን አለ።

"ሁለቱን ብቻ ዋጠች። ይኼን ለሚደርስለት ስጥ" አሉ። "ወረቀቱንም አልረገጥነውም።"

ደሊል እግዜር ያጥናዎት አላቸው። እሜቴ ከረጢቷን ዘረጉለት። ሳይታዘዝ ባዶዋን መዘነ። ጨው ሲጨምር ግን አበዛው፤ ሚዛኑ አጋደለ።

"በዛ" አሉ እሜቴ።

"ትንፋሼ ነው፣ እሜቴ።"

ጎንበስ ብለው ሚዛኑን አዩ፤ ቀና ብለው እሱን አዩ። ከከረጢቷ አንድ ጭብጥ ዘግነው ወደ ጆንያው መለሱ።

"ትንፋሽህን ለቀመሪያ አቆይላት" አሉትና ከረጢታቸውን አንግበው ወጡ።

ደሊል ከዓይኑ እስኪሰወሩ ትንፋሹን እንደያዘ ቆየ።