ታደለች አለፈች

የመንግሥትን ሐሳብ ለማወቅ ሬዲዮ ላይ ጆሮውን የሚለጥፍ ሰው ያሳዝነኛል። እኔ ቦንጋ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ፖሊሲ የሚባለውን ነገር የማነበው ከገዛ ግድግዳዬ ነው። ግድግዳዬ ላይ ሦስት መጋረጃ አለ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ፏፏቴ የተሳለበት። ፏፏቴው የሙሽሮች ነው፤ እሱን ተዉት። ነጩ ግን የፓስፖርት ፎቶ የሚነሣበት ነውና የአገር ጉዳይ ነው። ዓረብ አገር መሄድ ሲፈቀድ ነጩ በሰው ጀርባ ይቆሽሻል፤ ሲታገድ አቧራ ጠጥቶ ይከርማል። አንድ ሰሞን «ጆሮ ይታይ» ተባለና የቦንጋ ሴት ሁሉ ጸጉሯን ወደ ኋላ ሸጉጣ መጣች። ቀጥሎ «ጥርስ አይታይ» ተባለ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ሄዳ የምታለቅሰውን ልጅ ሳትሄድ በፊት አትሳቂ ብሎ ማዘዝ ምን ይሉታል?

ልሂድ ያለ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ወንበሩ ላይ ቁጭ ይልና «ጋሽ ደምሴ፣ አሁን ሕጉ ምንድን ነው?» ይለኛል። ይቺ «አሁን» የምትባል ቃል ናት ሁልጊዜ የምታስቀኝ። ወንድሜ፣ የእኔ ፎቶ ደርቆ እስኪቆረጥ ድረስ ስንት «አሁን» ይመጣል መሰለህ! ዛሬ ክፍት ነው ያሉህ በር ነገ ይዘጋል፣ የተዘጋውም ከነአዲስ ቁልፉ ይከፈታል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት የተባለው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ግን ስለ ሕግ ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም፤ ስለ አንዲት ቃል ላወጋችሁ ብዬ ነው እንጂ።

ታደለች ከቦንጋ ወዲያ፣ ወንዝ ማዶ ያለች፣ ስልክ የማይሠራባት የማንኪራ መንደር ልጅ ናት። ከፎቶ ቤቴ ጎን ያለው ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር። ሐሳቧ አንድ ነው፤ ዓረብ አገር ሄዳ፣ ሠርታ፣ የእናቷን የሣር ቤት ቆርቆሮ ማልበስ። እናቷ እትዬ አበበች ባል የሞተባቸው፣ ጫካ ውስጥ ቡና ለቅመው ያሳደጓት ሴት ናቸው። ጣራው በክረምት እንደሚያፈስ ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ ያቀር ነበር። ነጩ መጋረጃ ፊት አስቀምጬ፣ ጆሮዋን አውጥቼ፣ ጥርሷን አስከድኜ አነሣኋት። በሳምንቱ ጉዞው ታገደ። ፎቶዋን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩላት።

ከረመና እገዳው ሳይነሣ አዲስ አዋጅ ወጣ። በአዲሱ አዋጅ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄድ ሰው ስምንተኛ ክፍል መጨረስ አለበት፤ የሙያ ሥልጠና መውሰድ አለበት፤ የሚሄድበትም አገር ከእኛ ጋር ስምምነት የፈረመ መሆን አለበት። ታደለች ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ይሄኔ ነው አንድ ደላላ ከተፍ ያለው። «ስምንተኛ ክፍል እስክትደርሺ ጥርስሽ ይረግፋል! እኔ በመተማ አሳልፍሻለሁ» አላት። ደላላ ሲያሳልፍ ወዴት እንደሚያሳልፍ አይናገርም። ከሺሺንዳ ከተማ በእሱ መንገድ የሄደች ልጅ ሱዳን ገባሁ ብላ ከደወለች በኋላ ድምጿ ጠፍቶ ቀርቷል።

እትዬ አበበች ይህን ሰምተዋል። ለገበያ በመጡ ጊዜ እኔው ቤት ደጃፍ ላይ ልጃቸውን ያዙና «በዚያ ሰውዬ መንገድ ብትሄጂ በቁምሽ ነው የማለቅስልሽ!» ብለው ማሉ። የእናት መሐላ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ኋላ እንደምታዩት።

በሦስተኛው ቀን ታደለች ደብተር ገዝታ መጣች። ቀን አልጋ እያነጠፈች የማታ ትምህርት ገባች፣ ሰባተኛ ክፍል። ደላላው በየወሩ ይደውላል፤ እሷ ስልኩን ትዘጋለች። አንዳንዴ እኔ ሱቅ ቁጭ ብላ ሒሳብ ስትሠራ እርሳሷን እያኘከች «ጋሽ ደምሴ፣ በረሃው ሳይሻል አይቀርም፣ ይሄ አልጀብራ ሊገለኝ ነው» ትለኛለች። «አልጀብራ የገደለው ሰው አላውቅም፣ ሥሪ!» እላታለሁ። ምን ላድርግ፣ ልረዳት እንዳልል እኔም አላውቀው።

ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ሚኒስትሪ ተፈተነች። ሚኒስትሪ የምንለው የስምንተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናን ነው፤ ለምን እንዲህ እንደተባለ አትጠይቁኝ፣ ያው ስማችን ብዙ ጊዜ ከእኛ ይበልጣል። ውጤቱ በክረምት እምብርት ላይ ተለጠፈ። ታደለች ጭቃ በጭቃ ሆና፣ ደምበኛ ወንበር ላይ እያለ ዘላ ገባችና «አለፍኩ! ጋሽ ደምሴ፣ አለፍኩ!» ብላ ጮኸች። እልል አልኩ። ወንድ እልል አይልም የሚል ካለ በዚያ ቀን ቦንጋ አልነበረም።

ከፊት ለፊቴ ሱቅ ያለው ከድር ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ከድር ከወሎ መጥቶ ቦንጋ የከረመ ነጋዴ ነው፤ ሰው ወዳድ ነው፣ ቃል ግን ይቆጥባል። ሌላው በአሥር ቃል የሚያወራውን እሱ በሁለት ይጨርሰዋል። «ነገ ማር ልጭን ማንኪራ እወርዳለሁ፤ ለእናትሽ እነግራቸዋለሁ» አላት። ታደለችም «ማለፌን ንገርልኝ፣ እሁድ ራሴ እመጣለሁ በላቸው» አለችው።

በማግስቱ ማታ ከድር ባዶውን ተመለሰ። ወንዙ ሞልቶ አላሻግር ብሎታል። «መልእክቱንስ?» አልኩት።

«አደረስኩ! ከማዶ ሆኜ ጮኼ ነገርኳቸው። ‹ታደለች አለፈች!› አልኩ። ጋሽ ደምሴ፣ ምን ልበልህ፣ አገሩ በሙሉ ወጥቶ በደስታ ጮኸ። እናቷማ መሬት ላይ ተንከባለሉ!»

ለሚኒስትሪ መሬት ላይ መንከባለል ትንሽ በዛብኝ። ግን የደስታ ልክ በምን ይታወቃል ብዬ ተውኩት።

እሁድ ከታደለች ጋር ወደ ማንኪራ ወረድን፤ እናትና ልጅን አብሬ ላነሣ ካሜራዬን ይዣለሁ። ወንዙ ጎድሎ ስለነበር ተሻገርን። ከወንዙ ወዲያ ባለው የጫካ መንገድ ላይ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ቆጮና ማር ተሸክመው ሲሄዱ ደረስንባቸው። ለቅሶ መሆኑ ነው። ታደለች ደንግጣ ከኋላ ያሉትን ጎረቤቷን እትዬ አስካለን ያዘቻቸው።

«እትዬ አስካለ፣ ማን ሞቶ ነው?»

እትዬ አስካለ ዞሩ። አዩዋት። የተሸከሙት ማር እንደ ድንጋይ ወደቀ። «በስመ አብ! በስመ አብ! አንቺ ነሻ!»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ማንኪራ ሰው እቤቱ የሚያወራው በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛ የገበያና የቢሮ ነው። ከድር ከማዶ ሆኖ «አለፈች» ሲል፣ ወንዙ እየጮኸ፣ ከወዲህ የሰማው ሰው ቃሏን ወደ ካፊኖኖ ሲመልሳት ከፍቺዎቿ ሁሉ ክፉውን መረጠ። ልጅቷ የመሄድ ሐሳብ እንዳላት የታወቀ ነው፤ ደላላው እንደሚደውል የታወቀ ነው። በቃ፣ በረሃ በልቷት አለፈች ተባለ። ከድር ደግሞ ዋይታውን እልልታ ነው ብሎ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ታደለች የሮጠችውን ሩጫ እኔ በእድሜዬ አልደርስባትም። ደርሼ ሳይ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንዶቹ ተነሥተው ቆመዋል፣ እትዬ አበበች የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሮዋን፣ አገጯን፣ ጸጉሯን ይዳስሳሉ። ድምፃቸው በለቅሶ ብዛት ተዘግቷል። «አለፈች አሉኝ እኮ! አለፈች አሉኝ!»

«አዎ አለፍኩ እማዬ! ሚኒስትሪ ነው ያለፍኩት!»

የእድሩ ዳኛ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ቆይ፣ ሚኒስትሪ የት አገር ነው? ከሱዳን ወዲህ ነው ወዲያ?» አሉ።

«እዚሁ ቦንጋ ነው፣ አባባ። ትምህርት ነው።»

አንዲት ሴት ሳቀች። ከዚያ ማን ያቁመው! ነጠላው ሁሉ ተገለበጠ። እልልታው ይህን ጊዜ ከልቡ እልልታ ነበር፤ ወንዙ ማዶ ድረስ ይሰማል። አንዱ ጥንቁቅ ሰው ድንኳኑ ይነቀል ወይ ብሎ ቢጠይቅ ዳኛው ተቆጡት። «ተክለነዋል፣ ቆጮው መጥቷል፣ ማሩም መጥቷል። ልጃችን ከሞት ተነሥታ ምኑን ነው የምትነቅለው?» እኔም እንባዬን ጠርጌ እናትና ልጅን አነሣኋቸው። ከጀርባቸው የለቅሶ ድንኳን፣ የታደለች ጆሮ በጸጉሯ ተሸፍኖ፣ ጥርሷ ሁሉ ወጥቶ። ለየትኛውም ኤምባሲ የማይሆን ፎቶ ነው። እንደሱ ያለ ፎቶ አንሥቼ አላውቅም።

ጨዋታው ሲበርድ እትዬ አበበች ቀስ ብለው «እንግዲህ ልትሄጂ ነዋ» አሏት። ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ።

«ያ አገር ገና ከእኛ ጋር አልተስማማም ይላሉ» አለች ታደለች ማር እየላሰች። «ሲስማማ አስቤበት እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ በመስከረም ዘጠነኛ ክፍል እገባለሁ።»

ሰማችሁ? አስቤበት እነግራቸዋለሁ! ያቺ «አሁን ሕጉ ምንድን ነው» እያለች ወንበሬ ላይ የተጨነቀች ልጅ ናት እንዲህ ያለችው። ኩራቱ እኔን ነው ያሞቀኝ።

ከወራት በኋላ እገዳው ተነሣ ተባለ። ነጩ መጋረጃ ታጠበ፣ ወረፋው ተሰለፈ፣ ደላላውም የስልክ ቁጥር ቀይሮ ብቅ አለ። መሳቢያዬን ስጎረጉር የታደለችን የድሮ ፎቶ አገኘሁት፤ ጆሮዋ ወጥቶ፣ አፏ ተከድኖ፣ ዓይኗ ፈርቶ። ከትምህርት ስትመለስ ጠራኋትና ሰጠኋት። ቆሞ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ሰው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አይቶ «እህቴ፣ እሱ እኮ አይሠራም፤ ስድስት ወር ካለፈው አይቀበሉም። ጊዜው አልፎበታል» አላት።

ታደለች ፎቶውን ደብተሯ ውስጥ ከተተችና ከት ብላ ሳቀች።

«ይለፍበት» አለች። «እኔ አልፌያለሁ።»