ግንቡን ትተው የማይሄዱት ግንበኛ

በዚህች አገር ግንበኛ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚጠፋና የማይጠፋ። የሚጠፋውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለት ቀን ድንጋይ ይጠርብና በሦስተኛው ቀን «አክስቴ ታማብኝ» ብሎ ስልኩን ያጠፋል። አክስቱም ክረምቱ እስኪወጣ አይሻላቸውም። እሱን ረግመን ረግመን ደክሞናል። ስለማይጠፋው ግን የሚያወራ የለም፤ ያልደረሰበት ሰው አያምንማ! ሥራው አልቆ፣ መርቃችሁት፣ በር ድረስ ሸኝታችሁት፣ በማግስቱ ገና ፊታችሁን ሳትታጠቡ ግቢያችሁ ውስጥ ቆሞ ግንባችሁን ሲዳብስ ታገኙታላችሁ።

ቆቦ ላይ የዚህ ወገን አለቃ ክቡር ኢንጂነር ገዛኸኝ ነበሩ። ኢንጂነርነቱን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን የሰፈሩ ሰው ነው፤ አንቱታውም እንደዚያው፣ ግማሹ አክብሮት ግማሹ ፌዝ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሁልጊዜ ለቅሶ ደርሰው የሚመለሱ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ሲስቁ ያየ ሰው ተፈልጎ አልተገኘም።

«ጠጥቷል?» ይላሉ። ሰላምታቸው ይኸው ነው። አርማታ ከተሞላ በኋላ ሰባት ቀን፣ የቆላው ፀሐይ ከበረታ ደግሞ ዐሥር ቀን፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ካልጠጣ አይጠነክርም። ይህንንማ ማንም ግንበኛ ይናገራል። ኢንጂነር ገዛኸኝ ግን ተናግረው አይሄዱም፤ እየመጡ መዳፋቸውን ግንቡ ላይ ይለጥፋሉ፤ መዳፋቸውን ካላመኑ ጉንጫቸውን። ሁለተኛዋ ንግግራቸው ደግሞ የከረረች ናት፦ «እኔ የሞላሁት አርማታ አይሰነጠቅም። ከተሰነጠቀ ባለቤቱ አስጠምቶት ነው!» በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ «ተሳስቻለሁ» ሲሉ የሰማ የለም።

ጎብዬ ላይ ሰርግ ተጠርተው፣ ሙሽራው ሊገባ ሰው ሁሉ እልል ሲል፣ እሳቸው በረንዳው ላይ የተነጠፈውን ሸራ ገልጠው ተንበርክከው ተገኙ። በረንዳውን ከሰባት ዓመት በፊት የሞሉት እሳቸው ነበሩ። ሮቢት ደግሞ ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ። የሟቹ ልጅ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ ሲያለቅስ፣ «አይዞህ፣ አይዞህ» እያሉ በትከሻው ላይ አሻግረው የመቃብሩን ሲሚንቶ ያያሉ። ከዚያ ቀስ ብለው በጆሮው፣ «ለመሆኑ ጠጥቷል?» አሉት። ልጁ ለቅሶውን አቁሞ ቀና ብሎ አያቸው አሉ።

የሻረግ የምትባል አንዲት ባል የሞተባት ሴት እጅ ላይ የወደቁት በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ወይም እሷ ናት እሳቸው እጅ ላይ የወደቀችው። ቤቷ ከተማው አልቆ ተዳፋቱ በሚጀምርበት፣ ያረጁ የቁርቁራና የኒም ዛፎች መንገዱን ግራና ቀኝ በያዙበት በድሮው ሰፈር ነው። ከግቢዋ ጎን አንድ ቦረቦር አለ። ባሏ በሕይወት ሳለ ዶሮ የምትሻገረው ነበር፤ በየክረምቱ አፈሩን እየበላ መጥቶ ማድቤቷን ከነግድግዳው ይዞት ወረደ። ከማድቤቱ ቀጥሎ ያለው ቤቷ ነው።

ልጇ ካሳ ደሴ መምህር ነው። እናቱን ይወዳል፤ ጣጣውም መውደዱ ነው። «አርጅተሻል፣ ትረሺያለሽ፣ ብቻሽን መኖር አትችይም» ይላታል በደወለ ቁጥር። የሱ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንዴ ሄዳ ሦስት ሳምንት ተቀምጣለች፤ ደረጃውን እየፈራች፣ የአንድ ጎረቤት ስም ሳታውቅ፣ መስኮት ላይ ቆማ የሰው ጣሪያ ስታይ ከርማ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ደሴ ሲባል ወሬ ትቀይራለች። በመጨረሻ ካሳ ሲሚንቶና ፌሮ ላከና ቁርጡን ነገራት፦ «የድጋፍ ግንብ አሠሪ። ዘንድሮ ክረምቱን ከያዘ ትቀመጫለሽ። ካልያዘ ግን መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ሁለተኛ አልለምንሽም።»

ኢንጂነር ገዛኸኝ መጥተው፣ የካሳን ቁርጥ ከየሻረግ ሰምተው፣ ቱንቢያቸውን ጣሉ፣ ውሃ ልካቸውን አጋድመው አረፋዋ መሀል እስክትቆም አስተካከሉ። ግንቡ በሚያልፍበት ላይ አንድ ሽማግሌ ቁርቁራ ቆሟል፤ ቀን ሠራተኞቹ ሊጥሉት መጥረቢያ ሲያነሱ ጮኹባቸው። «እሱ ቀድሞን ነው የመጣው! ሥሩ አፈሩን ይይዝልኛል፣ ጥላው አርማታዬን ያቀዘቅዝልኛል!» ግንቡን በዛፉ ዙሪያ አጥፈው አዞሩት፤ ከጥላው ውጭ ፀሐይ ላይ የቀረችው አንዲት ጥግ ብቻ ነበረች። አርማታው ተሞልቶ ጣውላው ሲነሳ የሻረግ መረቀቻቸው፣ በር ድረስም ሸኘቻቸው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከተፍ።

ችግሩ ውሃ ነበር። ያለፈው ዓመት ክረምቱ ቀርቶ የራያ ሜዳ አቧራ ሆኖ ከርሟል። የሰፈሩ ቦኖ በሦስት ቀን አንዴ ቢመጣ ነው፤ ሲመጣም የጀሪካኑ ሰልፍ አስፋልቱ ድረስ ይደርሳል። የሻረግ በርሜል ሞልታ ስለነበር ሦስት ቀን አጠጣች። በአራተኛው ቀን የቀረቻትን አንዲት ጀሪካን አንስታ ግንቡ ላይ ልታፈስ ስትል ጎረቤቷ ኡሙሃኒ ጣሳ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«የሻዬ፣ አንድ ጣሳ ብቻ። ልጅቷ ትኩሳት ይዟት አፏ ደርቋል።»

ጣሳውን ሞላችላት። ከዚያ በኋላ ግን እጇ አልታዘዝ አላት። ሰው የሚጠጣው አጥቶ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ! እግዜርስ ምን ይላል? ሰዉስ? እናም የሻረግ፣ በዕድሜዋ ውሸት የማታውቀው ሴት፣ ዘዴ ፈጠረች። ግንቡ ከተሸፈነበት ጆንያ ውስጥ በበሩ በኩል ያለውን፣ ኢንጂነሩ መዳፋቸውን የሚለጥፉበትን ብቻ በጣሳ ታርሳለች።

«ጠጥቷል?»

«ጠጥቷል፣ አያ ገዛኸኝ!»

ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ዛፉን ዞረው ወደ ጥጓ ሄዱ፤ ጆንያውን ገልጠው ጉንጫቸውን አስጠጉና ምጣድ እንደነካው ሰው ወደኋላ አሉ።

«አስጠምተሽዋል» አሉ።

የሻረግ ደሟ ፈላ። «አዎ፣ አስጠምቼዋለሁ! የሰው ልጅ በጥም እያለቀ ድንጋይ ላጠጣ? ነውር አይደለም? አንተ ሰውዬ ከሲሚንቶ ሌላ ዘመድ የለህም?»

«የለኝም» አሉ፤ እንደ ተራ ነገር። «ጎርፉ ሲመጣ እኮ የሻረግ፣ ውሃውን ለማን እንደሰጠሽ አይጠይቅሽም።» ብለው ወጡ።

እፎይ፣ ተገላገልኩ ስትል ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለት ጀሪካን በባጃጅ ጭነው ተመለሱ። መስጊዱ ደጅ ሳፋ ደቅነው፣ ሰው ውዱእ ሲያደርግ የሚፈሰውን አጠራቅመው ነው። «ንጹሕ ነው። ፊትና እጅ እግር ብቻ ነው የነካው» አሉ። ይህን የሰማ ሰፈር ደግሞ የእጅ ውሃውን፣ የአትክልት ማጠቢያውን ያመጣ ጀመር። ኢንጂነሩ በር ላይ ቆመው እያንዳንዷን ጆግ ያሸታሉ። «ሳሙና አለበት! መልሺ!» ኡሙሃኒ ሁለት ጊዜ ተመልሳ በሦስተኛው፣ «ወላሂ፣ ትልቋን ልጄን ስድር ማንም እንዲህ አልመረመረኝም» አለች። ጥጓ ሁለት ቀን መጠማቷን ግን ከየሻረግና ከኢንጂነሩ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ያንን ጉድ ይዘው ዝም ማለታቸው የሻረግን ይበልጥ አስፈራት።

ሰኔ ሲጋመስ ጥጓ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች። ኢንጂነሩ ጣታቸውን ሄድ መለስ አደረጉባትና ወጥተው ሄዱ። የሻረግ ቢሰድቧት በወደደች ነበር።

ዝናቡ የመጣው ሐምሌ ላይ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ዓመት ሙሉ የነፈገ ሰማይ በአንድ ከሰዓት ልክፈል ያለ ይመስል ወረደ። ቦረቦሩ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ደረሰ። የሻረግና ኡሙሃኒ ደጃፉ ላይ ተቃቅፈው ሳለ፣ ኢንጂነር ገዛኸኝ ፌስታል አናታቸው ላይ ደፍተው እዝናቡ ውስጥ ቆመው ግንባቸውን ያያሉ። ግንቡ ያዘ። ያዘ፣ ያዘ፣ ቆይቶ ያቺ ጥግ እንደ ደረቀ ዳቦ ተቆረሰች። ውሃው በዚያ ገብቶ ዶሮ ቤቱን፣ ሽንት ቤቱንና የግቢውን ሩብ ይዞ ሄደ። ቤቷ ተረፈ።

በማግስቱ ካሳ ከደሴ ደረሰ። ባዶ ሻንጣ ይዞ ነው የመጣው፤ ለእናቱ ልብስ። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ካሳ ግንቡን ከዳር እስከ ዳር አየና፣ «ይሄ ሁሉ ቆሞ ይቺ ጥግ ብቻዋን ለምን ሄደች?» አለ።

የሻረግ ሻንጣውን አየች። እውነቱን ብትናገር «ትረሺያለሽ፣ አትችይም» ያላት ሁሉ ልክ ሆነ ማለት ነው። ቢሆንም አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ» አሉ ኢንጂነር ገዛኸኝ ቀድመዋት። «ጥጉ ላይ ስደርስ ሲሚንቶ አሳነስኩ፤ አሸዋ አበዛሁ። ተሳስቻለሁ።»

 ቆቦ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም።

«ሲሚንቶውን የላክሁት እኮ ተርፎ ነው! የት ደረሰ? እርስዎን አምኜ …» አለ ካሳ። «ሌባ ነህ ለካ!» አለ፤ በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው አንተ ብሎ።

«ልክ ነህ ልጄ» አሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው።

ካሳ ወደ እናቱ ዞረ። «አንቺ ምን ታደርጊ እማዬ። ቦታውስ ደኅና ነው፤ ይሄ ሰውዬ ነው ጉድ የሠራሽ። መስከረም ላይ በነጻ መልሶ ይሥራልሽ።» ባዶ ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። የሻረግ ቤቷ ቀረች። አፏም እንደተከፈተ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማውራት ያሳፍራል። በአንድ ሳምንት ውስጥ የቆቦ በረንዳ ሁሉ ተሰነጠቀ። ለዓመታት ደኅና የነበረ ወለል ላይ ሰው ተጎንብሶ ስንጥቅ ይፈልግ ጀመር፤ የፈለገ ደግሞ አያጣም። ቤት ሊሠሩለት የተስማሙት የጎብዬ ሰው ቀርቶብኛል አለ። ኢንጂነር መባላቸው ቀረ፤ አንቱታውም ቀረ።  የሻረግ በወሩ የእድር ስብሰባ ላይ ብድግ አለች።

«ጥጉን ያስጠማሁት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ዋሸሁት። ሰውዬው አንድ ጭብጥ ሲሚንቶ አልሰረቀም!»

የእድሩ ዳኛ በርኅራኄ አዩዋት። «የሻረግ፣ ደግ ሴት ነሽ። አዝነሽለት ነው፤ ይገባናል። ግን ያ ኩሩ ሰውዬ ያላጠፋውን አጠፋሁ ይላል?» ኡሙሃኒ እንኳ ጀርባዋን እያሻሸች አስቀመጠቻት። ማንም አላመናትም።

መስከረም ላይ ገዛኸኝ መጡ። በከተማው የቀራቸው ሥራ ይኸው የየሻረግ ጥግ ብቻ ነበር። የፈረሰውን አነሡ፣ ፌሮ አሰሩ፣ ሞሉ፤ ዐሥር ቀን ሙሉ ከእሷ ጋር እየተፈራረቁ አጠጡ። ስለ እድሩ አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፦ «ሁለተኛ እንዳትናገሪ። ልጅሽ ይሰማል።»

በዐሥራ አንደኛው ቀን ቱንቢያቸውን ጠቀለሉ፣ መሮና መዶሻቸውን ጆንያ ውስጥ ከተቱ። ጥጓ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እንከን የላትም። ጆንያውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ በሩ ሲያመሩ የሻረግ ከኋላ አየቻቸው። ከዚህ በር ሲወጡ የሚገቡበት ሌላ በር እንደሌለ ታውቃለች።

«አያ ገዛኸኝ!» አለች። «እዚች ጋ አልተጣመመችም?»

ተመለሱ። ውሃ ልካቸውን አውጥተው ጥጓ አናት ላይ አጋደሙት። አረፋዋ መሀል ላይ ቀጥ አለች። ሁለቱም አዩ።

ጥጓን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና፣ «እውነትሽን ነው» አሉ። «ተጣማለች። ነገ መጥቼ አያታለሁ።»

ውሃ ልካቸውን እዚያው ግንቡ ላይ ትተውት ሄዱ።