የሀዋ መልስና የኔ ቀይ ኤክስ

ዛሬ አንዲት ወፍራም ሴትዮ አዋረደችኝ። ሴትዮዋ ከሞተች ደግሞ ሁለት መቶ ምናምን ዓመት አልፏታል!

ሳቁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ለማታውቁኝ፣ አሶሳ ሃይስኩል ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ቤተሰቦቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው፤ እኔ እዚሁ ተወለድኩ። ከቤታችን የመጀመሪያው ባለዲግሪ እኔ ስለሆንኩ እናቴ የምረቃ ፎቶዬን ከማርያም ሥዕል ጎን ሰቅላዋለች። ጉራዬ ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት አስራ አንደኛ ክፍሎችን ኩዊዝ ፈተንኩ። "የሌላ አገር ገንዘብ የሚጠቀም ወይም ይጠቀም የነበረ አንድ አገር ጥቀሱ።"

የነጻ ማርክ ነው እኮ! ኢኳዶርና ፓናማ በዶላር እንደሚገበያዩ አስተምሬያለሁ። ኤርትራ ናቅፋን እስክታወጣ ድረስ በኛው ብር ትጠቀም እንደነበር ነግሬያቸዋለሁ። ሌሶቶ ገንዘቧን ከደቡብ አፍሪካ ራንድ ጋር እንዳሰረችው ሁሉ ተናግሬያለሁ። በዚያ ላይ ተፈላስፌ ቦርዱ ላይ በትልቁ ጽፌያለሁ፦ "የራሱ ገንዘብ የሌለው አገር በር የሌለው ቤት ነው!"

ሀዋ ምን ብላ መለሰች?

"ኢትዮጵያ።"

ሀዋ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት። ከኋላ ትቀመጣለች፤ ካልጠየቋት አትናገርም። ቀይ ኤክስ አደረግኩባት፤ እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ወረቀት ስመልስ ግን መልሷን ጮክ ብዬ አነበብኩት። "ሀዋ አገራችንን ሸጠችልን!" አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቀልደኛ ቲቸር ነኝ ብዬ አምን ነበር!

በማግስቱ ሀዋ ቀረች። በሦስተኛውም ቀን ቀረች። አሟት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ውሸቴን ነው። ለምን እንደቀረች አውቅ ነበር።

ዛሬ በእረፍት ሰዓት እናቷ ስታፍ ሩም ድረስ መጡ። ገበያ ላይ ቅመምና የሱዳን ሽቶ የሚሸጡ፣ ቶብ የሚባለውን የሱዳን ሴቶች ረጅም ልብስ የተጠቀለሉ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። መምህራኑ ሁሉ ሻይ ላይ ነበርን።

"ኡስታዝ፣" አሉኝ። በነሱ ቤት አስተማሪ እንዲህ ነው የሚጠራው። አማርኛቸው ደግሞ ሴቱንም ወንድ ያደርጋል። "ልጄ ትምህርት በቃኝ ይላል። ገበያ ከእናቴ ጋር እቀመጣለሁ ይላል። አንተ ምን አልከው?"

እኔም ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ሞኔተሪ ፖሊሲ! ምን ነክቶኝ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ሐብላቸውን አውልቀው ሻዬ አጠገብ አስቀመጡት። መሀሉ ላይ ጠገራ ብር አለ፤ ያ የድሮ ሰዎች የሚገበያዩበት ትልቁ የብር ሳንቲም።

"ይሄ ሴትዮ ማነው?"

አየኋት። ጉንጯም ደረቷም የሞላ ፈረንጅ። የኦስትሪያ ንግሥት፤ ብሩም የአገሯ ገንዘብ!

"አያቴ ኩርሙክ ላይ ወርቅ ያጥባል፤ ይሸጣል፤ ይሄን ይቀበላል፤ በዚህ ጨው ይገዛል። መንግሥት የራሱን ብር ሲያወጣ እንኳ ሰዉ እሱን እምቢ፣ ሴትዮዋን አምጣ ይላል። ሀዋ ይሄን ከኔ ሰማ፤ ጻፈ። አንተ ሳቅክ።"

"ልክ ናቸው፣" አለ የታሪክ መምህራችን አፉ በብስኩት እንደተሞላ። አንተ ሰው፣ ይህን ባለፈው ሳምንት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

አላለቀም። የሀዋ እናት ወደ አንገቴ ጎንበስ አሉ።

"እሱስ ምንድነው?"

"መስቀሌ ነው። እናቴ የሰጠችኝ የብር መስቀል።"

ትንሽ አዩት። "ይሄም እሱ ነው። ቀልጦ ነው።"

ስታፍ ሩሙ በሳቅ ፈነዳ! እኔ ግን ተስፋ ሳልቆርጥ እዚያው እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማ፣ መስቀሌ ከምንድነው የተሠራው?"

"ከጠገራ ብር ነዋ! አባቴ ወሎ እያለን ለአንጥረኛ ሰጥቶ ነው ያሠራው። ምነው፣ ሸጥከው እንዴ?"

ገባችሁ አይደል? የሀዋ ወረቀት ላይ ጎንበስ ብዬ ኤክስ ሳደርግ፣ መልሱ ከአንገቴ ተንጠልጥሎ ወረቀቱ ላይ ሲወዛወዝ ነበር!

"ኤክሱን ሰርዤ ራይት አደርግላታለሁ፣" አልኳቸው የሀዋን እናት።

"ማርኩን ተወው። ልጆች ፊት ሳቅክ፣ ልጆች ፊት ትናገራለህ። ዛሬ።"

ከሰዓት ሀዋን ይዘዋት መጡ። እሷ ከኋላ ተቀመጠች፤ እሳቸው በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ቦርዱ ፊት ቆምኩ። "ሀዋ ልክ ነበረች። ያላወቅኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ስቄባታለሁ። ሀዋ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።" መስቀሌን አውጥቼ ከምን እንደተሠራ ነገርኳቸው።

ማንም አልሳቀም። በጣም አፈርኩ፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ይሄኔ ሀዋ እጇን አወጣች። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ!

"ቲቸር፣ የራሱ ገንዘብ የሌለው አገር በር የሌለው ቤት ነው ብለውን ነበር። ታዲያ ያኔ እኛ በር አልነበረንም?"

ቦርዱን አየሁ። ጣሪያውን አየሁ። በር ላይ የቆሙትን እናቷን አየሁ፤ እሳቸውም መልሱን እየጠበቁ ነው።

"ነገ እነግራችኋለሁ፣" አልኩ።

"እሺ፤ ነገ እመጣለሁ፣" አለች ሀዋ።

ትመጣለች! ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ችግሩ ግን ትመጣለች!

መልሱን የምታውቁ እባካችሁ ኮመንት ላይ ጣሉልኝ፤ ያለኝ ጊዜ እስከ ጠዋት ብቻ ነው። በኔ ለመሳቅ የመጣችሁ ደግሞ መጀመሪያ የየራሳችሁን አንገት እዩ፤ እናንተስ ማንን ነው ያንጠለጠላችሁት?