ክቡር ጥጉን እየው

ባለፈው ሳምንት እናቴን ለመነጽር ወደ ዓይን ሕክምና ቤት ይዣት ሄጄ፣ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን ክቡር ጥጉን እየውን ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደረታቸው ላይ እንደ ድሮው ሦስት ትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎች ተንጠልጥለዋል። ዞር ብዬ ልሸሽ ምንም አልቀረኝ። ቂም ነበረኝ፤ ምን እደብቃለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ሌላው ፎቶ የሚያነሳው ለማየት ነው፤ እሱ ለማወዳደር። የእኛው የጥግ ባለሙሉ ሥልጣን በንድፍ ክፍል አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ከግቢው ጀርባ ካለው የጡብ ግንብ በቀር የሚወዱት ነገር ያላቸው አይመስሉም ነበር። በምሳ ሰዓት ርቀቱን በሜትር ለክተው፣ በጠመኔ አስምረው፣ ካሜራዎቹን በየተራ በርጩማ ላይ እያስቀመጡ ያንኑ ግንብ ያነሱታል። ከዚያ ኮምፒዩተር ላይ አንዱ ጡብ በር እስኪያክል ያጎሉታል።

"መሃሉንማ ማንም ያሳምረዋል፤ ጥጉን እየው!" ይላሉ። ስሙ የወጣላቸው በዚህ ነው።

ሠላሳ ዓመት ያገለገለችው ጸሐፊያችን ጡረታ የወጣች ቀን "ፎቶውን ለእኔ ተዉት" አሉ። ማን ይከራከራል? ፀሐይ ላይ አሰልፈው በእያንዳንዱ ካሜራ አራት አራት ጊዜ አነሱን።

ሹፌሩ "ኧረ ጋሼ፣ ስስቅ ጥርሴ ደረቀ!" ቢላቸው፣

"አንተን ማን ያይሃል? አንተ መሃል ነህ" አሉት።

በሳምንቱ ጸሐፊዋ ፎቶዋን ስትጠይቅ አንድ ሳያስቀሩ አጥፍተውታል። "ጥጉ ደብዝዟል። ከእኔ እጅ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም።"

"እኔ እኮ ጥጉ ላይ አልነበርኩም" ብላ ሄደች።

የእኔ ይብሳል። ከሦስት ዓመት በፊት ልጄ ስትወለድ ካሜራ ገዛሁ፤ የመጀመሪያዋን ፎቶ ይዤም ወደ እሳቸው ሮጥኩ። ስሟን እንኳ አልጠየቁኝም። ፊቷን አልፈው ብርድ ልብሷ ጫፍ ላይ ደረሱና አጎሉት።

"ይኸውልህ ጭጋግ! ደግሞ ቢጫ ይጥላል። ነጩን ብርድ ልብስ ቅቤ አስመሰለው እኮ! ዛሬውኑ መልስላቸው።"

እኔ ጅሉ መለስኩ። ያቺ ፎቶ ኮምፒዩተር ላይ ሳልገለብጣት ከነካሜራው ሄደች። እሳቸው "እንከን የለሹን ካሜራ እኔ እነግርሃለሁ፣ ታገስ" ሲሉኝ፣ እኔም ስታገስ፣ ልጄ ጥርስ አወጣች፣ ድክ ድክ አለች፣ ሮጠች። ዛሬም እናቷ ይህን ነገር ካነሳች የዚያን ቀን እራቴን ብቻዬን ነው የምበላው።

ከዚያ ወዲያ የሚሆናቸው ካሜራ ጠፋ። አዲስ ገዙ፤ ደበዘዘ። ለወጡት፤ ቢጫ ጣለ። "ፋብሪካዎቹ ናቸው የተበላሹት! ሌንስ የሚሠራ ሰው አልቋል!" እያሉ ጡረታ ወጡ። እኛ ከኋላቸው እንስቅ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ቀርቤ ሰላም ስላቸው የለዩኝ በድምፄ ነው። ወዲያው ነርሷ ደም ግፊት ልትለካቸው እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ባለቤታቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"የቀኝ ዓይኑ ሞራ ነው፤ ነገ ይገፈፋል። የግራው ግን አበቃለት፣ ልጄ። ነርቩ ሞቷል፤ 'ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ' አሉን። ስንቴ ለመንኩት መሰለህ! 'ዓይኔ ምን ሆነ? ካሜራው ነው' ይለኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ካሜራ ሲለውጥ!"

ብርድ ልብሱ ትዝ አለኝ። ነጭ ነበር። ፎቶውም ላይ ነጭ ነበር፤ አይቼዋለሁ እኮ! የገዛ ዓይኔን ትቼ የእሳቸውን አመንኩ። ከዚያ ሁሉ ሳቂ መሃልም አንድ ሰው እንኳ "ጋሼ፣ ዓይንዎን ይታዩ" አላላቸውም። እኔም አላልኳቸውም። መሳቁ ይቀል ነበር።

ሲወጡ እናቴን ተራዋን እንድትጠብቅ ወንበሩ ላይ ትቼ፣ ክንዳቸውን ይዤ ደረጃውን አወረድኳቸው። እንዴት እንደቀለሉ! እያንዳንዱን ደረጃ በጫማቸው ጫፍ እየፈለጉ ነው የሚወርዱት። ያ ሁሉ ቂም የት እንደገባ አላውቅም።

"ጋሼ፣ ሲድኑ ልጄን ያነሱልኛል" አልኳቸው። "ጥጉ ቢደበዝዝም ግድ የለኝም።"

"ሞኝ! ለምን ይደበዝዛል?" አሉና ቆም አሉ። ከዚያ፣ የማውቀው ነገር እንደሌለ ሁሉ፣ ካሜራዎቻቸውን እየዳበሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ከኋላችን የሚወርዱት ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ቀኙን ብቻ ነው የማሠራው። ሐኪሞቹማ ግራውንም እንሥራው ብለው ለምነውኝ ነበር፤ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ካደሱብኝ በምን ላወዳድር?"